ትንፋሽ ሲጠብቅ የከረመ መርዶ

ከሥራ ያባረረኝ አለቃ አይደለም፤ ስኳር ነው። የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘና ሐኪሜ በመርፌ እየወጋ «ይሰማሃል?» ሲለኝ፣ መርፌው ገና ከኪሱ ያልወጣ መስሎኝ «ጀምር እንጂ ምን ትጠብቃለህ» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ነርቭ ሲሠራና ሲሞት ስከታተል ኖሬ፣ የራሴው ሳያስፈቅደኝ ሥራ ለቀቀ። ስለዚህ ገና ሃምሳዎቹን ሳልጨርስ ጡረተኛ ሆንኩ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ከሳሎን ወደ ማድቤት ስመላለስ እያየች፣ የካልጋሪ የበረዶ ክረምት ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ሊሆን ነው መሰለኝ ትላለች።

ሥራዬ ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት ይባላል። በማሽን የሚተነፍሱ ሰዎችን መንከባከብ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ሆስፒታል ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ዶክተር ነው። ገና የሆስፒታሉ ወለል ወልዋይ ሳለሁ እንኳ፣ ፎረስት ሎን ሰፈር ባስ ስጠብቅ «ዶክተር፣ ይኼ ወገቤ ምን ይሻለዋል?» የሚሉኝ ነበሩ። እኔም ጨዋ ስለሆንኩ «በሞቀ ውሃ ይያዙት» እላለሁ። ያዳንኩት ወገብ ብዛት ቢቆጠር አንድ ሆስፒታል በስሜ ይሰየም ነበር። ሙያውን ተምሬ ጨርሼ በትክክል ማስረዳት ስጀምር ነው ማዕረጌ የወረደው። አንዱ በጥሞና አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «አሃ፣ መካኒክ ነሃ» አለኝ።

ከወለል ውልወላ ወደ ማታ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ጽኑ ሕሙማን ሄድኩ። እዚያ የነበረው አለቃችን ስብሰባ ይወድ ነበር፤ የሰው ልብ ቢቆም መጀመሪያ አጀንዳ ካልተያዘ አይነሳም። ደመወዙ ቤት ገዛልኝ፤ ታክሱ ቤቱን መልሶ ሊወስድ ታገለ፤ ስለ ወረቀቱ ብዛት ዝም ማለቱ ይሻላል። በመጨረሻ አንገታቸው የተሰበረ ሰዎች ወደሚተኙበት ክፍል ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ሥራ ነው ሥራ የምለው።

አንገቱ ላይ ከፍ ብሎ የተሰበረ ሰው የሚቀርበት እጅና እግሩ ብቻ አይደለም። አንጎል «ተንፍስ» ብሎ የሚልከው ትእዛዝ እዚያው ስብራት ላይ ይቆማል። ሳንባው ደህና ነው። ከሳንባው ሥር ያለው አየር የሚስበው ጡንቻም፣ ድያፍራም የሚሉት፣ ደህና ነው። አንዳንዴ ወደ ጡንቻው የሚወርደው ነርቭ ሳይቀር ደህና ነው፤ የጠፋው መልእክተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ በግራና በቀኝ ነርቮቹ ላይ ኤሌክትሮድ የሚባሉ ስስ ሽቦዎች ያስቀምጡና መቀበያውን ከቆዳ ሥር ይቀብራሉ። ከውጭ የኪስ ራዲዮ የምታክል ባለባትሪ ሳጥን አለች። ከሷ የሚወጡ ሁለት ቀለበት የሚመስሉ አንቴናዎች ደረት ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። ሳጥኗ በየጥቂት ሰከንዱ ነርቩን በኤሌክትሪክ ትነካዋለች፤ ጡንቻው ወደ ታች ይሳባል፤ አየር ይገባል። ፔሰር እንላታለን።

እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወራት የተኛ ጡንቻ እንደ ሰነፍ በሬ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ እርሻ ካረስክበት ተኝቶ ይቀርብሃል። መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ታሠራዋለህ፣ ወደ ቬንቲሌተሩ፣ አየር ወደሚነፋው ማሽን፣ መልሰህ ታሳርፈዋለህ፣ ደግሞ ጥቂት ትጨምራለህ። እንዲህ እያልክ ሳምንታት ይሄዳሉ። ቀለበቱ ከቦታው ትንሽ ቢሸሽ ትንፋሹ ይቀራል፤ ሳጥኗ ደግሞ አትጮህም፣ አትናገርም። ለእኛ ሰው ይኼ አደጋ ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ በሽተኛው ላይ ተደፍቶ ሦስት ጊዜ ይስማል፣ ደረቱን በደረቱ ይጫናል። አንዷ እናት እንዲያ ስማ ቀና ስትል ቀለበቱ ከቀሚሷ ጋር ተጣብቆ ተነሣ። በማግስቱ «መሳሳም በዓይን ብቻ» የሚል በአማርኛ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ሼሪል ናት። ከሳስካችዋን የእርሻ አገር የመጣች፣ ትከሻዋ በር የሚሞላ፣ ሲጋራዋን ለመተው በየዓመቱ የምትምል ሴት ነበረች። ቀለበቱን ከመለጠፏ በፊት በሁለት መዳፏ ይዛ ታሞቀዋለች። በሽተኛው ደረቱ ስለማይሰማው ሙቀቱ ምን ያደርግለታል ብላት፣ እኔ ይሰማኛል አለችኝ። ስክሪኑን አስቀድማ አታይም። መዳፏን ከጎድን አጥንቱ ሥር ታሳርፍና ዓይኗን ጨፍና የጡንቻውን አወራረድ ታዳምጣለች፤ ግራው፣ ቀኙ፣ እኩል ናቸው ወይ፣ የሚዘገይ አለ ወይ። ቁጥር የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቬንቲሌተሩን ስትነቅል የራሷን ትንፋሽ ትይዛለች። የራሷ ትንፋሽ ካለቀ የበሽተኛውም አልቋል ብላ መልሳ ትሰካዋለች። ያ ሁሉ ሲጋራ ስላጨሰች ትንፋሿ አጭር ነበር፤ በሽተኞቻችን በሱ ዕድለኞች ናቸው እያልኩ አሾፍባት ነበር። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ደስ ሲላት «ነገም እናየዋለን» ትላለች።

ጋሼ ሐጎስ ወደ እኛ የመጡት በክረምት ነው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እኔ የአዲስ አበባው ልጅ ስሳሳት የሚያርሙኝ። ኦግደን ሰፈር፣ ባቡር ከሚጠገንበት ግቢ አጠገብ፣ በብየዳ ኖረው ጡረታ በወጡበት ዓመት ጎረቤታቸው የገና መብራት ስለሰቀለ እሳቸውም ሊሰቅሉ መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። ከአንገታቸው በታች የምትንቀሳቀስ አንዲት ጣት አልቀረችላቸውም።

ሐኪሞቹ ነገሩን ለሳቸውም ለባለቤታቸው ለእትዬ ለተብርሃንም ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። ቀኑን ሙሉ በፔሰር መተንፈስ ከቻሉ ቤታቸው ይገባሉ። ካልቻሉ ዕድሜ ልክ ከቬንቲሌተር ጋር ነው፤ ያ ደግሞ ከከተማው ዳር በሚገኝ የእንክብካቤ ቤት ነው። ነርቮቻቸው ሲፈተሹ ግራው ወዲያው መለሰ። ቀኙ ዘግይቶ፣ ቅር እያለው መለሰ። ይሞከር ተባለ።

ቀዶ ጥገናው አልፎ ጡንቻቸውን በደቂቃ ማለማመድ እንደጀመርን ወንድማቸው ሞተ። ወልዱ የሚባል፣ አዲስ አበባ የሚኖር ታናሻቸው ነው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከመውደቃቸው በፊት ሁለቱ ወንድማማቾች በየእሑዱ በስልክ በትግርኛ ሲሰዳደቡ ይውሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እትዬ ለተብርሃን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዛለች፣ ወልዱ ብቻውን ይሳደባል። አንድ ሰኞ ወልዱ ከሥራ ሲመለስ ወደቀ፤ አልተነሣም።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ግርማ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ እትዬ ለተብርሃንን ይዘው ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ያዙኝ። ብርዱ አፍንጫ ቆርጦ የሚጥል ነበር፤ የእኔ ምናልባት ያን ቀን ወድቆ የቀረ ነው።

«ዶክተር» አሉኝ ጋሽ ግርማ፣ «ትንፋሹ ስንት ሲደርስ ነው መርዶ የሚችለው?»

የተማርኩት መጽሐፍ ሁሉ ተገለጠብኝ። ግፊት፣ ኦክስጅን፣ መጠን፤ የመርዶ ልክ የለበትም። ተቸግሬ፣ ከማለዳ እስከ ምሳ ያለ ማሽኑ ከዋሉ አልኳቸው። እትዬ ለተብርሃን እጄን ሳመች። የሷን መሳም የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ለሼሪል ነገርኳት። የታመመው አንገቱ እንጂ ጆሮው አይደለም አለች። እኔም አንደብቀውም፣ እንነግረዋለን አልኳት፤ ግን በእኛ ዘንድ ሰው የሥጋውን ሞት በስልክ፣ ብቻውን፣ ሳይዘጋጅ አይሰማም። በማለዳ የሚቀርቡት ሰዎች ይመጣሉ፣ ይከቡታል፣ ሲወድቅ የሚይዘው አለ። ሰማችኝና፣ ሲይዙት የማይሰማውን ሰው ማን ይይዘዋል አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የመላው ካልጋሪ ሐበሻ የጋሼ ሐጎስን ትንፋሽ ይቆጥር ጀመር። ሱቅ ስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ መኪና ነዳጅ ስሞላ «ምሳ ደረሱ?» ይሉኛል። «ገና ነው፣ ቁርስ ላይ ናቸው» እላለሁ። እሑድ ሲመጣ ስልኩን ምን እናድርገው? አዲስ አበባ ኔትወርክ የለም ተባለ። በሳምንቱም የለም። በኋላ አንዱ ዘመድ ኬብሉን የቆረጠው ጅብ ነው ብሎ አረፈው።

እሳቸው ግን እየጠነከሩ ሄዱ። አንገታቸው ላይ ያለው ቱቦ በፔሰር ጊዜ ሲደፈን አየሩ በአፍንጫቸው ይገባል፣ በጉሮሯቸው ይወጣል፤ ድምፃቸው ተመለሰ። የሚናገሩት ሳጥኗ በፈቀደችላቸው ልክ ነው፤ ሦስት ቃል፣ ትንፋሽ፣ ሦስት ቃል። ሽታም ተመለሰላቸው። የመጀመሪያው ቀን፣ «ዳንኤል… ነጭ ሽንኩርት… በልተሃል» አሉኝ። እንዲህ እያሉ የሚሰድቡኝ ሰው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ታየኝ።

የክፋቱ ክፋት፣ መልካም ዜና ባመጣሁ ቁጥር የጠያቂው ፊት ይጨልማል። «ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ዋሉ» ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። «ሁለት ሰዓት» ስል ጋሽ ግርማ ወደ መስኮት ዞረው በረዶ መቁጠር ይጀምራሉ። ጉንፋን ይዟቸው ወደ ኋላ የተመለሱ ቀን ግን ሁሉም ዘና ብሎ ሲጫወት አመሸ። ሠርግ ነበር የሚመስለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መዳፌን ጎናቸው ላይ አድርጌ ሳዳምጥ፣

«አንተ… መካኒክ» አሉኝ። «እኔ ስሻል… ሰው ያዝናል። ስታመም… ሰው ይስቃል። ማን ነው… የሞተው?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ» አልኳቸው።

ሳጥኗ ሦስት አራት ጊዜ አስተነፈሰቻቸው። ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም።

«ሌላ ጊዜ… ስትዋሽ ትቀልዳለህ» አሉ። «ዛሬ… ቀልድ የለም።»

ወልዱ ነው ብዬ ልነግራቸው ስል በዓይናቸው አስቆሙኝ።

«እንዳትነግረኝ። በወጉ… ይንገሩኝ። ማወቄን… አትንገራቸው። ግን እንደ ሰው… ላልቅስ… በራሴ ትንፋሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዎቹ ከሳቸው ይደብቃሉ፣ እሳቸው ማወቃቸውን ከሰዎቹ ይደብቃሉ፣ እኔ በመሃል ከሁለቱም እደብቃለሁ። ጋሽ ግርማ ስለ ጅቡ ሲያወሩላቸው፣ ጋሼ ሐጎስ «ጅቡ… አልተያዘም?» ይላሉ።

ምሳ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መዳፌ ሥር ቀኙ ዘገየ። መጀመሪያ ፕላስተሩ ነው ብዬ ቀለበቱን አስተካከልኩ። በማግስቱም ዘገየ። ሼሪልን ጠራኋት። ቀለበቱን አሞቀች፣ ለጠፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። የኤሌክትሪኩን ኃይል ትንሽ ጨመርን፤ ቀኙ ነቃ አለና ከሰዓት በኋላ እንደገና ተኛ። እንደገና ስንጨምር ትከሻቸውን አመማቸው፤ ከሰውነታቸው የሚሰማቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ሕመሙንም ወደዱት። ሐኪሙ ፈተሸ። ሽቦውም መቀበያውም ደህና ነው፤ ነርቩ ራሱ እየሞተ ነው አለ። እንደገና ቢከፈት የሚታደስ ነገር የለም፤ እያሳረፋችሁ ጠብቁ፣ ምናልባት ይመለሳል። ሼሪል ኮሪደር ላይ ይዛኝ ወጣች። ነገም እናየዋለን አላለችም። የምታደርጉት ነገር ካለ በዚህ ሳምንት አድርጉት አለችኝ።

በጥቂት ቀን ውስጥ ጋሽ ግርማን ጠርቼ ምሳ ደርሰዋል አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ወደ ቁርስ ተመልሰው ነበር። ለጋሼ ሐጎስም ቀኑ መድረሱን በዓይኔ ነገርኳቸው። እትዬ ለተብርሃን ጢማቸውን ስትላጫቸው ፊት ፊቷን ያዩአት ነበር።

በማለዳ መጡ። የክፍሉ ኃላፊ የጠያቂ ክፍሉን ፈቀደችልን። ሴቶቹ ጥቁር ልብሳቸውን በወፍራም የክረምት ካፖርት ሸፍነውታል፤ እስከ አንገታቸው ቆልፈው እንደ ተማሪ ተደርድረው ተቀመጡ። ጋሼ ሐጎስን በተሽከርካሪ ወንበራቸው አስገባኋቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገናል። ቬንቲሌተሩን ነቀልኩ። ሼሪል በሩ አጠገብ ቆማ ትንፋሿን ያዘች። ሳጥኗ ሥራዋን ጀመረች፤ እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ መዳፌን ጎናቸው ላይ አሳረፍኩ።

ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐጎስ ወንድሜ» አሉ፣ «እንግዲህ ሰው ነህ። ሁላችንም የምንሄድበት መንገድ ነው። ወልዱን እግዚአብሔር ወስዶታል።»

ካፖርቶቹ ተከፈቱ።

ጋሼ ሐጎስ አፋቸውን ከፈቱ። «ወልዱ» አሉ። ሳጥኗ አስተነፈሰቻቸው። «ወንድሜ» አሉ። አስተነፈሰቻቸው። ለቅሶ እንደሚታወቀው ነው፤ ይነሣል፣ ይንራል፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ይሄዳል፣ ከዚያ ይሰበራል። የሳቸው አልነሣም፣ አልተሰበረም። እየተቆረጠ፣ እኩል እየተመተረ ወጣ። እግዚኦ ሊል የመጣው ሰው ሁሉ፣ ሳያስበው፣ በሳጥኗ ልክ ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ለተብርሃን ደረቷን የምትመታው ሳይቀር በዚያው ልክ ሆነ። እንዲህ ያለ የታዘዘ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ እኔ ዓይናቸውን አዞሩ።

«ጨምርልኝ» አሉ። «ትንሽ… ፍጠንልኝ።»

ማስተካከያው እጄ ሥር ነው። ግን ሌላው መዳፌ ጎናቸው ላይ ነበር፤ ቀኙ ጸጥ ብሏል። ግራው ብቻውን ይጎትታል፤ እሱም እየሳሳ ነው። ከንፈራቸው መልኩን መለወጥ ጀምሯል። ሼሪል ሳልጠራት መጥታ መዳፏን ከመዳፌ ጎን አደረገች። አየችኝ።

«አይችሉትም ጋሼ» አልኳቸው።

ቬንቲሌተሩን መልሼ ሰካሁ፣ ሳጥኗን አጠፋሁ። ለማሳረፍ መስሎኝ ነበር። ቀኙ ግን ከዚያ ጠዋት ወዲያ አልተመለሰም። ብንሞክርም፣ ብናሳርፍም፣ ሐኪሙ ከሌላ ከተማ ሌላ ሐኪም ቢጠራም አልተመለሰም። ጋሼ ሐጎስ ኦግደን ቤታቸው አልገቡም፤ እዚያ የእንክብካቤ ቤት ሁለት ክረምት ኖረው አረፉ። ቀለበቶቹን ከደረታቸው የላጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰው በጡረታህ ምን ትዝ ይልሃል ሲለኝ ብዙ ውሸት እነግረዋለሁ፤ እውነቱ ይኼ ነው።

ያ ጠዋት ግን ገና አላለቀም ነበር። ማሽኑ አየር እንደሰጣቸው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱና የመጣውን ሁሉ በአፋቸው ለቀቁት። ቬንቲሌተር የላከው አየር ካልተመለሰለት በሽተኛው የተነቀለበት መስሎት ይጮሃል። ጮኸ። ጋሼ ሐጎስ ቀና ብለው ሰሙት። እንደገና አየር መጣ፤ እንደገና አፋቸውን ከፍተው ለቀቁት፤ ማሽኑ አላቋረጠም። ሼሪል ለዓመታት እንዳደረገችው ድምፁን ለማጥፋት እጇን ዘረጋች። ጣታቸው ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ ደህና መሆናቸውን ታሳያለች። ፊታቸውን አየች። እንባቸው ጆሯቸው ድረስ ወርዷል። እጇን መለሰች።

ጩኸቱ ከፍ ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው የሳጥኗን ልክ ረሳ። ጋሽ ግርማ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ተነሥተው የወልዱን ስም እየጠሩ፣ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ እየቀደመቻት፣ እንዳሻቸው አለቀሱ። እኔም የመጨረሻውን ቀልዴን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ነርሶች ሲሮጡ መጡ። ሼሪል በትከሻዋ በሩን ሞልታ ቆመች። ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው፣ ማሽኑ ምን ነካው አሏት።

«ምንም አልነካውም» አለች። «ሰውዬው እያለቀሰ ነው።»